ቢጫው ጨርቅ ገበር ሆኗል

ደባርቅ
ጥር 24 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለባለቤቴ ለመሪጌታ ተክለ ማርያም፤

እንዴት ሰንብተዋል? ደረትዎ እንዴት ነው? የቆላው ሙቀት ሳሉን ያስታግስልዎታል ብዬ ተስፋ አደርጋለሁ። እኔ ደኅና ነኝ። ልጃችን እሌኒም ዳባት ደኅና ናት፤ ሆዷ ገፍቷል፣ ሐኪሞቹ መጋቢት አጋማሽ ላይ ትወልጃለሽ ብለዋታል። የደባርቅ ብርድ ዘንድሮ ጥርስ ያንቀጫቅጫል፤ ውጭ ያደረ የባልዲ ውሃ ጠዋት ላይ ስስ በረዶ ይሠራል።

አባ ብዬ እንዳልጀምር ገና ቆብ አልደፉም። እርስዎ ግን ደብዳቤዎን «እህቴ ባንቻየሁ» ብለው ጀመሩት። ቀና ብዬ በሩን አየሁ፤ ሌላ ባንቻየሁ የገባች መስሎኝ። ሃያ ስድስት ዓመት አብሬዎት ስኖር ብዙ ነገር ሆኛለሁ፣ እህትዎ ግን ሆኜ አላውቅም። አሁንም አልጀምርም።

የላኩት ቢጫ ጨርቅ፣ ሊማሊሞን በየሳምንቱ በሚወርደው በሹፌሩ በደምለው እጅ ደርሶኛል። ስምንት ክንድ ነው፣ ለመነኩሲት ቀሚስ ይበቃል፣ አሰፊውና ለየካቲት ኪዳነ ምሕረት ወደ ገዳሙ ውረጂ፣ በአንድ ቀን አብረን እንመነኩሳለን ብለዋል። ከዚያ በታች ደግሞ አበምኔቱ «የሚስትህን ፈቃድ በጽሑፍ ካላመጣህ ቆብ አልሰጥህም» ስላሉ ፈቃዴን ጽፌ እንድልክ አዝዘዋል። ሁለት ነገር ነው የጠየቁኝ። ለሁለቱም መልስ አለኝ፤ በተራ ይስሙኝ።

ጨርቁ የመነኩሲት ቀሚስ አልሆነም። ከሌላ ሰው አፍ ከሚሰሙት ከኔው ይስሙት፤ ቆርጬ የጉርድ ቀሚስ ገበር አድርጌዋለሁ። ጉርዱ ከላይ ወይን ጠጅ ሱፍ ነው፣ ከውስጥ የእርስዎ ቢጫ አለበት። ልብስ ሰፊ አልሰጠሁም፣ እዚሁ ቤቴ ራሴ ሰፋሁት። አሁንም ለብሼው ነው የምጽፍልዎ።

አይደንግጡ። ቢደነግጡም ጨርቁ አይመለስም፣ ተቆርጧል። ድፍረት ነው እንዳይሉኝም፣ የምንኩስና ልብስ የሚሆነው በዕለቱ ጸሎት ሲደርስበት ነው፣ እስከዚያ ጨርቅ ነው እያሉ ለተማሪዎችዎ ሲያስረዱ እኔ ከጓዳ እሰማ ነበር። ከጓዳ ብዙ ነገር ይሰማል።

ነገሩ የተበላሸው ከስለቱ ነው። ባለፈው ነሐሴ ጎንደር ሆስፒታል ተኝተው፣ ሳንባዎ ትንፋሽ አልስብ ሲል፣ «ከተረፍሁ እኔም ባንቻየሁም ቆብ እንደፋለን» ብለው ተሳሉ። እኔ በዚያ ሰዓት መድኃኒት ፍለጋ ከተማውን እዞር ነበር። የነገሩኝ ለመስቀል ነው፣ ያውም ዕቃዎን ከሸከፉ በኋላ። ስለት የሚሳሉት በገዛ አፍ ነው። በኔ አፍ ማን ተሳለ? አፌ ከኔ ጋር ነበር፤ ፋርማሲ በር ላይ ቆሞ ይለምን ነበር።

እኔም እኮ ተስዬ ነበር። እስከ ዛሬ አልነገርሁዎትም። ለሰፈራችን ጊዮርጊስ፣ ተነሥቶ በእግሩ ይሂድልኝ እንጂ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ነበር የተሳልሁት። ተነሡ፣ በእግርዎ ሄዱ። ወዴት እንደሚሄዱ አልጠቀስሁም፤ ጥፋቴ ይህቺ ብቻ ናት። ጃንጥላውን ግን ጥር ዐሥራ ስምንት ቀን አስገብቻለሁ። በአፌ ያልሁትን ፈጽሜያለሁ፣ ያላልሁትን የሚጠይቀኝ የለም።

«አንቺ በዓለም ከቀረሽ ልቤ አያርፍም» ብለው መጻፍዎ ደግሞ አስቆጣኝ። የእርስዎ ልብ እንዲያርፍ የኔ ፀጉር ይላጭ? እሌኒ ልትወልድ ነው፣ ማን ያርሳታል ብዬ ልመልስልዎ እችል ነበር፤ እውነትም ነው። ግን ልጄን ሰበብ አላደርጋትም። እሌኒ ባትወልድም፣ ጭራሽ ልጅ ባይኖረንም አልመነኩስም። አርባ አምስት ዓመቴ ነው። ዓለም የሚሉት ቅዳሜ ገበያ፣ ጎረቤት፣ የጓሮ ጎመንና ይህ ቤት ከሆነ እወደዋለሁ።

ሐሳቡን ያመጣችው ውቢት ናት። አይረሷትም፤ ዳባት አብረን ያደግን፣ ከቤተሰቧ ጋር እስራኤል የገባችው ጓደኛዬ። ለገና እንኳን አደረሰሽ ልትል ስትደውል ሁሉንም ነገርኋት። ሰምታኝ ስታበቃ፣

«ጨርቁ ምን ዓይነት ነው?» አለችኝ።

«ለስላሳ ነው፣ ስስ። እጅ ላይ ይንሸራተታል።»

«እንዲህ ያለው እኮ ለገበር ነው የሚሆን። አንቺ ደግሞ ሁልጊዜ ይበርደኛል ትያለሽ።»

በእርሷ አይፍረዱ። ሐሳቡ የእርሷ ቢሆንም መቀሱን ያነሣሁት እኔ ነኝ።

በማግስቱ የጀማሪ የጉርድ ንድፍ በስልኬ ላከችልኝ፣ ፎቶ ኮፒ ቤት ወስጄ በወረቀት አስወጣሁት። ጽሑፉ ዕብራይስጥ ነው። ቢያዩት ይደሰቱ ነበር፤ ዳዊት ላይ አሌፍ፣ ቤት፣ ጋሜል የሚባሉት ፊደሎች በጉርድ ቀሚስ ዙሪያ ተደርድረዋል። እኔ የማነበው ቁጥሩን ብቻ ነው፣ የቀረውን ውቢት በድምፅ እየቀዳች ትልክልኛለች። ፊትና ኋላ አንድ አንድ ቁራጭ ነው። ሁለቱን በጎን መግጠም፣ ገበሩን እንዲሁ ለብቻው ሰፍቶ ከሱፉ ውስጥ መክተት፣ ወገቡ ላይ አንድ ላይ ማያያዝ፣ በዚፕ ፋንታ ላስቲክ ማስገባት። «ሕፃንም ይሠራዋል» አለችኝ። ሕፃን አይሠራውም።

የስፌት መኪናው ያው የውቢት እናት ሲሄዱ የተዉልን፣ በእጅ የሚዘወረው ነው። ስንት ዓመት ሙሉ የድጓዎ ማስቀመጫ ሆኖ ኖሯል። ድጓውን አንሥቼ በንጹሕ ነጠላ ጠቀለልሁና አልጋዎ ላይ በእርስዎ በኩል አስቀመጥሁት። ቦታው ባዶ ነው። መኪናውን ዘይት አጠጣሁት፣ ትንሽ አጉረመረመና ሠራ።

ከመቁረጤ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጌያለሁ፤ አልደብቅዎትም። ቢጫውን ትከሻዬ ላይ ጣል አድርጌ መስተዋት ፊት ቆምሁ። ያምርብኛል። መስተዋቱ ውስጥ ያለችው ሴት ጸጥ ያለች ናት፣ ማንም ምንም የማይጠይቃት፣ ሥራዋን የጨረሰች። አንድ አፍታ አስቀናችኝ። ቆይቼ ይህቺን ሴት ወደዚህ ቤት ማን ጠራት አልሁ። እኔ አልጠራኋትም። ጨርቁን አውርጄ አነጠፍሁት።

አሁን የሠራሁትን ስሕተት ልንገርዎ፣ ይሳቁብኝ። ንድፉ ርዝመቱን ሰባ ሳንቲ ሜትር ይላል። ሜትር አልነበረኝም። አንድ ክንድ ግማሽ ሜትር ነው ሲባል ነው ያደግሁት፣ ስለዚህ ለጠርዙ ጨምሬ አንድ ክንድ ተኩል አልሁ። የፊቱን ቁራጭ ጠዋት ቤት ውስጥ ቆረጥሁ። የለካሁት በሩ መቃን ላይ ባለው ምልክት ነው፤ በተጋባን ዓመት ሸማኔው ጋቢ አሳጠረብን ብለው ተናደው ክንድዎን አስደግፈው በቢላ የጫሩት። ከሰዓት ደመናው መጣና ቤቱ ጨለመብኝ። ግቢ ወጥቼ አነጠፍሁ፣ የኋላውን ቁራጭ እዚያው በገዛ ክንዴ ለክቼ ቆረጥሁ። ሱፉንም ገበሩንም እንዲሁ። በማግስቱ ጎንና ጎኑን ከወገብ ወደ ታች ሰፋሁ፣ ገበሩን ከተትሁ፣ ወገቡን አያያዝሁ፣ ላስቲኩን አስገባሁና ለበስሁት። ፊቱ ከኋላው በአራት ጣት በልጦ እንደ ሽርጥ ተንጠለጠለ።

ለውቢት ፎቶ ላክሁላት። ስትስቅ ትንፋሽ አጠራት።

«በምን ለካሽው?» አለችኝ።

«በክንድ።»

«በማን ክንድ?»

ተነሥቼ ክንዴን በሩ ላይ ካለው ምልክት ጋር አስተያየሁት፤ ጣቴ አልደረሰም። ለካ ያ ምልክት የእርስዎ ክንድ ነው። የኔ ጋቢ፣ የእሌኒ የክርስትና ልብስ፣ የመስኮቱ መጋረጃ፣ ሁሉም በዚያ ነው የተለካው። ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ በእርስዎ ክንድ ስለካ ኖሬ፣ የራሴ ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ አንድ ጉርድ መበላሸት ነበረበት። የላኩት ስምንት ክንድ እንኳ በኔ ሲለካ ዘጠኝ ሊሞላ ሁለት ጣት ነው የቀረው።

መፍታት ነበረብኝ። መሪጌታ፣ ሰፍተው ስለማያውቁ ልንገርዎ፤ መፍታት ከመስፋት ይከብዳል። የሰፋሁት በአንድ ቀን ነው፣ የፈታሁት በሦስት። እያንዳንዷን ክር በምላጭ ጫፍ እያነሡ መበጠስ ነው፤ እጅ ትንሽ ከቸኮለ ጨርቁ ይተረተራል። ሁለት ቦታ ተተረተረብኝ፣ በእጄ ጠቀምሁት። ክሩ ሁሉ ወጥቶ ካለቀ በኋላም የመርፌው ቀዳዳ ሰልፉን ይዞ ቢጫው ላይ ቀረ። ውሃ ረጨሁበት፣ ካውያ አደረግሁበት፣ አሁንም አለ። በሁለተኛው ቀን አልቅሻለሁ። ያለቀስሁት ለጉርዱ አልነበረም።

ውቢት «ከኋላው ላይ ቀጥዪበትና አስተካክዪው» ብላኝ ነበር። አልቀጠልሁም። አራት ጣቱን ከፊቱ ላይ ቆረጥሁ፣ ሁሉንም በኔ ክንድ አደረግሁት። ሁለተኛው ስፌት ከመጀመሪያው ቀና፤ እጄም አልፈራም። ሲያልቅ ቢላ አመጣሁና በሩ መቃን ላይ፣ ከእርስዎ ምልክት ዝቅ ብዬ፣ የራሴን ጫርሁ። ጉርዱ ከጉልበቴ በታች ነው፤ በዚያ በኩል አይስጉ።

እሌኒ መጥታ አየችው። መጀመሪያ «እማዬ፣ አባዬን አታስቀይሚው» አለች። እጇን ወደ ውስጥ ሰድዳ ገበሩን ስትዳብስ ቆየች። «ለኔም ከወለድሁ በኋላ ትሠሪልኛለሽ» ብላ ዳባት ተመለሰች።

ሰኞ ዕለት የነፍስ አባታችን ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ መጡ። እርስዎ እንደላኩባቸው አልደበቁኝም። ተቀምጠው ጉሮሯቸውን ጠረጉና፣

«ባንቻየሁ ልጄ፣ ጨርቁ ደርሶሻል አሉ» አሉኝ።

«ደርሶኛል አባቴ።»

«አሰፋሽው?»

«ራሴው ሰፋሁት።»

«ጎሽ። እስቲ አምጪውና ልየው።»

ከተቀመጥሁበት ተነሥቼ የጉርዱን ጠርዝ ገልበጥ አድርጌ ቢጫውን አሳየኋቸው። እጅግ ቆይተው አዩት።

«ይህ ምንድር ነው?»

«ገበር ነው አባቴ።»

«የተላከልሽ እኮ የምንኩስና ልብስ ነው።»

«ጸሎት ሳይደርስበት ጨርቅ ነው ሲሉ ሰምቻለሁ።»

«ማን አለሽ ይህን?»

«መሪጌታ።»

በጭራቸው የሌለ ዝንብ መቱ። ኋላ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አንቺ ካልፈቀድሽ እሳቸውም ቆብ አያገኙም፤ ይህን ታውቂያለሽ?»

«አውቃለሁ።»

«ታዲያ ይቅር ነው የምትዪ?»

«በኔ ስም የተሳሉትን ነው ይቅር የምል። የራሳቸውን እሳቸው ያውቃሉ።»

«ሰው ምን ይላል ልጄ? የመነኩሴ ሚስት ጉርድ ለብሳ ገበያ ስትወጣ።»

«ሰው እሳቸው ሲሄዱም አውርቷል፤ አልሞትሁም።»

ተነሡ፣ መስቀላቸውን አሳለሙኝ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዘወር ብለው፣ «ለመሆኑ ገበሩ ብርድ ይከላከላል?» አሉኝ።

«በደንብ ነው እንጂ አባቴ።»

«ለማኅሌት ስንቆም ጉልበታችን ነው የሚያልቀው» አሉና ሄዱ።

ረቡዕ ለአስተርእዮ ማርያም ለብሼው ቤተ ክርስቲያን ሄድሁ። ነጠላዬን ከላይ ደርቤ በሴቶች በኩል ቆምሁ። አዩኝ። ያላየኝ አልነበረም። ስንወጣ የቄስ ሃብተ ጊዮርጊስ ባለቤት ወይዘሮ አረጋሽ በሰው ፊት ጎንበስ ብለው ጠርዜን ገለበጡት። ይሰድቡኛል ብዬ አንገቴን አቅንቼ ጠበቅሁ። ስፌቱን በጣታቸው ዳበሱ፣ ወደ ጆሮዬ ጠጋ አሉና፣ «ንድፉን አውሺኝ፤ ለኔም አንድ ቀን ጨርቅ የመጣልኝ እንደሆነ ልወቀው» አሉኝ። ቅዳሜ እንዲመጡ ቀጠርኋቸው። ዛሬ ነው፣ ከገበያ በኋላ ይመጣሉ። ክንዳቸውን አስለካቸዋለሁ፤ የቄስ ሃብተ ጊዮርጊስን አይደለም።

አሁን ወደ ሁለተኛው ጥያቄዎ ልምጣ፣ ወደ ፈቃዴ።

አልከለክልዎትም። ብከለክልዎ ምን እንደሚሆን አስቤበታለሁ። ወደ ቤት ይመጣሉ፣ ግን በዚያ በር የሚገባው ሰው ተከልክሎ የመጣ ሰው ነው የሚሆነው፤ ፊቱን ወደ ሊማሊሞ አዙሮ የሚቀመጥ። እንዲህ ያለ ሰው አልፈልግም። የእርስዎን ስለት እርስዎ በገዛ አፍዎ ተስለዋል። ስለዚህ ጻፍሁት፦ «እኔ ባንቻየሁ ዝናቡ፣ ባለቤቴ መሪጌታ ተክለ ማርያም እንዲመነኩሱ ፈቅጃለሁ። እኔ ግን አልመነኩስም።» ቀን አለበት፣ ፊርማ አለበት። ትናንት ቤታቸው ወስጄ ቄስ ሃብተ ጊዮርጊስም በእማኝነት ፈርመውበታል።

ወረቀቱን እዚህ ፖስታ ውስጥ አይፈልጉት። ከደብዳቤው ጋር ደምለው የሚሰጥዎ ቆብ አለ። ከገበሩ በተረፈው ቢጫ የሰፋሁልዎ እኔ ነኝ። ቆቡም ገበር አለው፤ ገበሩ ከጉርዴ ፊት ላይ የቆረጥሁት አራት ጣት ወይን ጠጅ ሱፍ ነው፣ በእርስዎ ክንድ ተለክቶ የበዛው። ፈቃዴ ያለው በቢጫውና በሱፉ መካከል ነው። ክታብ እንደሚዘጋ አድርጌ ዙሪያውን ሰፍቼ ዘግቼዋለሁ።

ለአበምኔቱ ወረቀቱን ለማሳየት ስፌቱን መፍታት አለብዎ። ደምለው አይፍታልዎ፣ ረድእም አይፍታልዎ፤ እርስዎ በእጅዎ ይፍቱት። በደጉ ጊዜ የሰፋሁት ቢሆን ኖሮ ላልቶ ያገኙት ነበር። አሁን ግን መስፋት ተምሬያለሁ፤ ሁለት ጊዜ ነው የዞርሁበት። ምላጭ አልላክሁም።

ሲፈቱት ቀስ ብለው ይፍቱ። ቀዳዳው እንደሚቀር ነግሬዎታለሁ። የማይፈቱት ከሆነ ደግሞ ደምለው ሐሙስ ሐሙስ ሊማሊሞን ባዶውን ነው የሚወጣው። ጋቢናው ውስጥ ለአንድ ሰው ቦታ አለው፤ ጠይቄዋለሁ።

ለቆቡ የጭንቅላቴን ልክ ከየት አመጣችው ይሉ ይሆናል። በክንድም በሜትርም አልለካሁትም። ነሐሴን ሙሉ በሁለት እጄ ይዤው ነበርና እጄ ያውቀዋል።

ጊዮርጊስ ደረትዎን ይጠብቅልኝ። እግዚአብሔር የእርስዎንም የኔንም ስለት፣ እያንዳንዳችን በአፋችን እንዳልነው ይቀበለን። እሌኒ በሰላም ትገላገል፤ ሕፃኑንም በየትኛውም ስም ቢጠሩ፣ አባ ቢሆኑ አያት፣ ይባርኩት።

ስፌቱ እስኪፈታ ድረስ ባለቤትዎ፣
ባንቻየሁ ዝናቡ